አንድ ትልቅ የቲማቲም ተክል ቤት ውስጥ ለማሳደግ ስንት ሊትር የሚይዝ መትከያ ያስፈልጋል?

ባለ በረንዳው (ቱሉ ዲምቱ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳችን በመስታወት የተዘጋ በመሆኑ አንድ ትንሽ ክፍል ያህል ሆኗል፤ ፊቱም ወደ ደቡብ ስለሆነ በበጋ ወራት ፀሐይ አያጣም። እዚያ ብዙ ትንንሽ ተክሎችን ከመደርደር ይልቅ አንድ የቲማቲም ተክል ብቻ ተክዬ፣ በሲባጎ ወደ ጣሪያው እያሰርሁ እስከሚችለው ድረስ ላሳድገው አስቤአለሁ። ዘሩ አናቱ ካልተቆረጠ በቀር ማደጉን ከማያቆመው ዓይነት ነው፤ ቁመቱ አጥሮ፣ ፍሬውን በአንድ ሰሞን አፍርቶ ከሚያበቃው ከሮማ ቪኤፍ የተለየ ነው።

ያስቸገረኝ የመትከያው መጠን ነው። አንድ ጎረቤቴ 20 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ ከበቂ በላይ ነው ይላሉ። ሌላው ደግሞ ከግማሽ በርሜል ያነሰ ነገር ለእንዲህ ዓይነቱ ተክል ማሰር ነው ባይ ናቸው። ባለቤቴ በበኩሏ በርሜል በሳሎኗ አልፎ ወደ በረንዳው እንደማይገባ ከወዲሁ አስታውቃለች። ውኃ በሰፈራችን በፈረቃ የሚመጣ ሲሆን ሮቶ አለን፣ ነገር ግን ለልብስና ለማብሰያ ነው የምንሳሳለት። በመጠኑ ላይ ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

አትክልተኛዋ (የካ አባዶ)

ወንድሜ፣ ጎረቤትዎ አልተሳሳቱም። ረጅሙን የቲማቲም ዓይነት በቀለም ባልዲ አሳድጌ ጣሪያ አድርሼዋለሁ፤ ፍሬም ሰጥቶኛል። ነገር ግን ባልዲው 20 ሊትር ይባል እንጂ ከአፉ ዝቅ ብሎ ለውኃ ማጠጫ የሚቀረው ቦታ ሲቀነስ አፈሩ ከ17 ወይም ከ18 ሊትር አይበልጥም። ተክሉ በትንሽነቱ ምንም አይጎድልበትም። ችግሩ የሚጀምረው ሦስተኛውና አራተኛው የፍሬ ዘለላ ሲንጠለጠል ነው፤ ያን ጊዜ ጠዋት ያጠጣሁት ተክል ከሰዓት በኋላ ቅጠሉን ጥሎ አገኘው ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ቤት ስለምውል ደግሜ አጠጣለሁ። እርስዎ ሥራ ውለው የሚመለሱ ከሆነ ባልዲውን አልመክርዎትም።

የሥነ ሕይወት መምህር (ሰበታ)

የጠያቂው ጽሑፍ ዋናው ነገር መጨረሻው አካባቢ እንደዋዛ የገባችው ዓረፍተ ነገር ናት ብዬ አምናለሁ። ስለ ውኃ ፈረቃው ያሉት ማለቴ ነው። ብዙዎቻችን የመትከያውን መጠን የምንመርጠው ተክሉ ምን ያህል ይረዝማል በሚል ነው፤ ይሁን እንጂ ሥር የሚፈልገው ስፋትን ብቻ ሳይሆን ውኃ፣ አየርና ምግብ የሚያገኝበትን ቦታ ነው። በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ውኃና ማዳበሪያ በቧንቧ የሚያንጠባጥቡ የመስታወት ቤት አምራቾች ትልልቅ የቲማቲም ተክሎችን ከ10 እስከ 15 ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ያሳድጋሉ። ያ መጠን ለእነርሱ የሚበቃው ተክላቸው ከእኛ ስላነሰ ሳይሆን ውኃው ስለማይቋረጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ በሁለት ማጠጣት መካከል ስንት ቀን ያልፋል የሚለው ነው። መትከያው ለተክሉ እንደ ቤታችን ሮቶ ነው፤ የሮቶን መጠን የምንመርጠው ደግሞ በቤተሰቡ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ፈረቃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ አይተን ነው።

በቁጥር ላስቀምጠው። በደንብ የተደባለቀ የመትከያ አፈር ውኃ ጠጥቶ ትርፉን ካንጠፈጠፈ በኋላ፣ ሥር ሊስበው የሚችል ውኃ ከይዘቱ ሩብ ያህል ነው ብለን እንያዝ። እንደ አፈሩ ዓይነት ከዚህ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። እንግዲህ 20 ሊትር አፈር 5 ሊትር ያህል፣ 40 ሊትር ደግሞ 10 ሊትር ያህል ለተክሉ ያቆያል። ቅጠሉ የበዛና ፍሬ የያዘ አንድ ትልቅ የቲማቲም ተክል በጠራ የበጋ ቀን፣ በመስታወት በተዘጋ በረንዳ ውስጥ፣ እስከ 2 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ውኃው ከግማሽ በታች እንዲወርድ መተው ደግሞ አይገባም፤ ምክንያቱም ቅጠሉ ከመጠውለጉ አስቀድሞ ፍሬው ይጎዳል። በዚህ ሒሳብ የቀለም ባልዲው በየዕለቱ ወይም ቢበዛ በየ1 ቀን ተኩል፣ 40 ሊትሩ ደግሞ በየ2 ቀን ተኩል ውኃ ይጠይቃል። የጠያቂው ሁኔታ ወደ 40 ሊትር ያዘነብላል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ጥቅሙ ይቀንሳል፣ ክብደቱ ግን አይቀንስም።

የዕቃውን መጠን በዓይን መገመት ስለሚያሳስት መለካቱ ይሻላል። ለክብ ዕቃ የአፉን ስፋት ለሁለት አካፍለው፣ ያገኙትን በራሱ፣ ከዚያም በ3.14 እና በቁመቱ ያባዙት። ሁሉም በሴንቲሜትር ከሆነ ውጤቱን ለ1,000 ሲያካፍሉት ሊትሩን ያገኛሉ። 30 ሴንቲ ስፋትና 30 ሴንቲ ቁመት ያለው ዕቃ 21 ሊትር ይይዛል፤ 40 በ35 የሆነው ግን 44 ሊትር ገደማ ነው። ወርዱ በ10 ሴንቲ ብቻ ሰፍቶ ቁመቱም ጥቂት ጨምሮ ይዘቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ወደ ታች የሚጠብ ፖት ከሆነ የአፉንና የግርጌውን ስፋት አማካይ ይውሰዱ።

ገላን ማዶ

ጋሼ መምህር፣ ሒሳብዎ ልክ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ በርሜልን እንዲህ በቀላሉ መጣል የለብንም። 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ለሁለት ሲቆረጥ እያንዳንዱ 100 ሊትር ይይዛል። እኔ ግቢዬ ውስጥ፣ በላስቲክ ጣራ ሥር፣ በዚህ ዓይነት ዕቃ ያሳደግሁት ቲማቲም ውኃ ሳላጠጣው ክፍለ ሀገር ሄጄ ስመለስ ምንም ሳይሆን አግኝቼዋለሁ። አፈሩንም ከውጭ አልገዛሁም፤ ከግቢዬ ጥቁሩን አፈር ቆፍሬ ሞላሁት። ጥቁር አፈር ውኃ በመያዝ የሚስተካከለው የለም።

የሥነ ሕይወት መምህር (ሰበታ)

ወንድሜ ገላን ማዶ፣ ግቢ ላለው ሰው ግማሽ በርሜል መልካም ነው፤ አልቃወምም። በአፈሩ ላይ ግን አልስማማም። በአቃቂና በገላን በኩል ያለው ጥቁር አፈር ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል ለም አፈር ነው፣ ነገር ግን ዕቃ ውስጥ ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል። ሲርስ ያብጣል፣ አየር ይዘጋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ከዕቃውም ጠርዝ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ የምናጠጣው ውኃ በጎን በኩል ሾልኮ ይወርድና መሐሉ ሳይነካ ይቀራል። ከታች ውኃ ሲፈስ አይተን ጠጣ እንላለን፤ አልጠጣም። ለዕቃ የሚሻለው ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ቀይ አፈር ነው፤ እርሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። እኔ የምጠቀመው አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደግሞ ሬድ አሽ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ጠጠር በወንፊት ነፍቼ፣ ከሽምብራ ያልበለጠውን ነው። ፍግ ከሆነ የቆየና ሽታው የጠፋ ይሁን። ከባሕር ዛፍ ሥር የተጠረገ ቅጠል አትቀላቅሉ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነጥብ አለ። ውኃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንላለን፣ ነገር ግን ግርጌው ላይ ሲደርስ አፈሩ ራሱ ጥቂቱን ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ማንኛውም መትከያ ቀዳዳው የቱንም ያህል ቢበዛ ከሥሩ ጭቅይት ያለ፣ አየር የሌለው ንብርብር ይኖረዋል። የዚያ ንብርብር ከፍታ የሚወሰነው በአፈሩ ደቃቅነት እንጂ በዕቃው ትልቅነት አይደለም። እንግዲህ ንብርብሩ 8 ሴንቲ ቢሆን፣ ቁመቱ 16 ሴንቲ በሆነ ሳፋ ውስጥ ግማሹን አፈር ይወስዳል፤ ቁመቱ 40 ሴንቲ በሆነ ዕቃ ውስጥ ግን አንድ አምስተኛውን ብቻ ይወስዳል። ሊትራቸው እኩል የሆኑ ሁለት ዕቃዎች ለተክሉ እኩል አይደሉም የምንለው ለዚህ ነው። 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን አጋድሞ ጎኑን መቁረጥ በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ ለሰላጣና ለቆስጣ ያገለግላል። ለቲማቲም ግን ጀሪካኑን አቁሞ አናቱን መቁረጥ ይሻላል። ከግርጌ ጠጠር ማንጠፍ ደግሞ ያንን ንብርብር ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ለአፈር የሚሆነውን ቦታም ይሻማል።

ግንበኛው (ለገጣፎ)

ስለ ክብደቱ ማንም አለማንሳቱ አስገረመኝ። እርጥብ የመትከያ አፈር በሊትር ከ1 ኪሎ ከሩብ እስከ 1 ኪሎ ከግማሽ ይመዝናል፤ ጥቁር አፈር ብቻውን ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ 40 ሊትሩ ከ50 እስከ 60 ኪሎ፣ ግማሽ በርሜሉ ግን ከ125 እስከ 150 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። አንድ 40 ሊትር መትከያ በረንዳ ላይ አንድ ሰው እንደቆመ ስለሚቆጠር አያሳስብም። 150 ኪሎ ግን በአንድ ቦታ ላይ ሌሊትና ቀን የሚያርፍ ጭነት ነው፤ በተለይ ከግድግዳው ውጭ ወጥቶ በተንጠለጠለ በረንዳ ጫፍ ላይ እንዲቀመጥ አልመክርም። የትኛውንም ዕቃ ቢመርጡ ከቤቱ ግድግዳ አስጠግተው ያስቀምጡት እንጂ ወደ መከላከያው ብረት አይግፉት። አፈሩንም ወደ 3ኛ ፎቅ የሚያወጡት በደረጃ መሆኑን አይርሱ፤ ባዶውን ዕቃ አስቀድመው ቦታው ላይ ካደረጉ በኋላ አፈሩን በትንንሽ ከረጢት እያመላለሱ ይሙሉት። ሞልቶ ማንቀሳቀስ ወገብ ይሰብራል።

በርሜልን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በየቆራሊዮው የሚሸጠው በርሜል ቀድሞ ምን እንደያዘ አይታወቅም። የፀረ ተባይ ወይም የኬሚካል በርሜል ከሆነ በሳሙና ቢታጠብም ለሚበላ ነገር አይሆንም። የምግብ ዘይት ጀሪካን ግን በሙቅ ውኃና በሳሙና ከታጠበ ምንም ችግር የለበትም።

ባለ በረንዳው (ቱሉ ዲምቱ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግማሽ በርሜሉን ባለቤቴ ብቻ ሳትሆን ግንበኛውም ስለከለከሉኝ ትቼዋለሁ። ወደ 40 ሊትር የሚሆን ወፍራም የፕላስቲክ ፖት ተመልክቻለሁ፤ ዋጋው ግን ከጠበቅሁት በላይ ነው። በምትኩ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ከረጢት አጥፌ ብጠቀም ምን ይላችኋል? ደግሞስ ችግኙን በቀጥታ በትልቁ ውስጥ ልትከለው ወይስ ከትንሽ ወደ ትልቅ እያዛወርሁ ላሳድገው?

አትክልተኛዋ (የካ አባዶ)

ማዳበሪያው ይሠራል፤ እንዲያውም ለሥሩ ከፕላስቲክ ፖት ይሻላል። ሥር በፕላስቲክ ግድግዳ ሲገታ ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል፤ ተክሉን ነቅላችሁ ብታዩት እንደ ክር ልቃቂት ተጠምጥሞ ታገኙታላችሁ። በተሸመነው ማዳበሪያ ዳር ደርሶ አየር ሲያገኝ ግን ጫፉ ይደርቅና ከኋላው አዳዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ አፈሩም በሙሉ በቀጫጭን ሥር ይሞላል። ጉዳቱ በጎኑም ስለሚተን ቶሎ መድረቁ ነው። በማዳበሪያ የሚተክል ሰው ከሚያስበው ሊትር ላይ ሩብ ያህል ይጨምርበት፤ ለእርስዎ 50 ሊትር ይሁን። ከሥሩም ለፍሳሹ የሚሆን ሰፋ ያለ ትሪ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ቀይ ውኃው በበረንዳው ሴራሚክ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ ከባለቤትዎ ጋር የሚኖረው ውይይት የእኛ ጉዳይ አይሆንም። ፀሐይም ማዳበሪያውን ስለምታሳሳው ከአንድ ምርት በላይ አይጠብቁበት፤ ሲያነሱት እጅዎ ላይ ይበተናል።

በማዛወሩ ላይ ግን አቋሜ የጸና ነው። ትንሽ ችግኝ በ40 ሊትር እርጥብ አፈር መካከል መትከል አልወድም። ዘሩን በፕላስቲክ ኩባያ አፈላዋለሁ፤ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ አናቱ ወደተቆረጠ የ2 ሊትር ሃይላንድ አዛውረዋለሁ፤ ሥሩ በሃይላንዱ ግድግዳ ላይ ነጭ ሆኖ መታየት ሲጀምር ወደ መጨረሻው ቦታው ይገባል። ሃይላንዱን የምመርጠው ሥሩን ከውጭ ስለሚያሳየኝ ነው፤ ዙሪያውን በጋዜጣ ወይም በጥቁር ፌስታል እሸፍነውና ለማየት ስፈልግ ብቻ እገልጠዋለሁ። በየማዛወሩ ግንዱን እስከ ታችኛዎቹ ቅጠሎች ድረስ እቀብረዋለሁ፣ ምክንያቱም የቲማቲም ግንድ የተቀበረበት ሁሉ ሥር ያወጣል። ዕቃው ጥልቅ መሆን አለበት የሚያሰኘው ሌላው ምክንያትም ይኸው ነው።

ገላን ማዶ

እህቴ፣ ሁለት ጊዜ ማዛወር ሁለት ጊዜ ማስደንገጥ ነው። እኔ ችግኙን ከኩባያው በቀጥታ በግማሽ በርሜሉ ተክዬ፣ መጀመሪያ ላይ በዙሪያው አንድ ሲኒ አንድ ሲኒ ብቻ አጠጣለሁ። ተክሉ ሲያድግ ክቡን እያሰፋሁ እሄዳለሁ። ምንም ሆኖብኝ አያውቅም።

የሥነ ሕይወት መምህር (ሰበታ)

ሁለታችሁም የምትጠብቁት አንድ ነገርን ነው፦ ሥር ያልደረሰበት አፈር ረጥቦ እንዳይቆይ። ሥር የሌለበት አፈር ውኃውን የሚስብለት ስለሌለ እንደረጠበ ይቀመጣል፣ አየር ያጣል፣ ይቀዘቅዛል፤ ችግኙም ቢጫ ሆኖ ባለበት ይቆማል። አትክልተኛዋ ይህን በትንሽ ዕቃ፣ ገላን ማዶ ደግሞ በትንሽ ውኃ ይከላከሉታል። የገላን ማዶ መንገድ የሚሠራው እጁን መግታት ለሚችል ሰው ነው። ለጀማሪ የማዛወሩን መንገድ እመርጣለሁ፤ አንድ ሊትር ሁለት ሊትር የሚይዝ ዕቃ ምን ያህል ውኃ እንደያዘ በማንሳት ብቻ ይታወቃል፣ ከጠጣ ይከብዳል፣ ካልጠጣ ይቀላል፤ 50 ኪሎውን ግን ማን አንስቶ ያየዋል? ለትልቁ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰዶ ማየት ነው ያለው።

የማዛወሪያው ጊዜ ግን ማለፍ የለበትም። ሥሩ በሃይላንዱ ውስጥ መዞር ከጀመረ በኋላ የዘገየ ችግኝ ወደ ትልቅ ዕቃ ቢገባም እንደ ጓደኞቹ አይፈነጥዝም፤ አበባ ካወጣማ በጣም ዘግይቷል።

የእንጦጦ ግርጌ

ከብርዱ በኩል የምለው አለኝ። እኛ ጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቲማቲም ደግሞ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ጥቂት ዲግሪ ስለሚያተርፍ ጠያቂው ከእኛ ይሻላሉ። ነገር ግን የሲሚንቶው ወለል ሌሊቱን ሙሉ ከመትከያው ሙቀት ይስባል፤ ትልቅ መትከያ ደግሞ አንዴ ከቀዘቀዘ ረፋዱን ቶሎ አይሞቅም። ስለዚህ ከወለሉ በጣውላ ወይም በሁለት ብሎኬት ከፍ ቢያደርጉት ጥሩ ነው፤ የውኃ መውጫውም በዚያው ይከፈታል። ጥቁር ፖት በብዙ አገር ሥር ያቃጥላል እየተባለ ይወቀሳል፤ በእኛ ብርድ የጠዋቷን ፀሐይ ቶሎ ስለሚስብ እኔ እወደዋለሁ። ከቀትር በኋላ በመስታወት ውስጥ በቀጥታ የሚመታው ከሆነ ግን ፊቱን በነጭ ጨርቅ መጋረድ ያስፈልጋል።

ወቅቱንም ያስቡበት። አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ያን ጊዜ ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ ቀትር ላይ ቀጥታ ፀሐይ አያገኝም፤ የክረምቱ ደመናም ይጨመርበታል። ዘሩን በነሐሴ መጨረሻ አፍልቶ፣ በመስከረም ማብቂያ ወደ ትልቁ ዕቃ አስገብቶ፣ በጋውን በሙሉ መጠቀም ነው የሚበጀው። በክረምት የሚተክል ሰው መብራት ያስፈልገዋል፤ መብራት ደግሞ በሰፈራችን ሲፈልግ የሚመጣ ሲፈልግ የሚሄድ ነገር ነው።

ባለ በረንዳው (ቱሉ ዲምቱ)

ሐሳቤን ወስኛለሁ። በሃይላንድ አሳድጌ ወደ 50 ሊትር ማዳበሪያ አዛውረዋለሁ፤ አፉን ወደ ውጭ እጥፍ እጥፍ አድርጌ ቁመቱን 40 ሴንቲ ላይ አቆመዋለሁ። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ባለፈው ዓመት እህቴ በፖት የተከለችው ቲማቲም ፍሬው ከግርጌው በኩል እየጠቆረና እየጎደጎደ ተበላሽቶባት ነበር። መድኃኒት ብትረጭም አልተመለሰም። ይህ ከመትከያው መጠን ጋር ይያያዛል?

የሥነ ሕይወት መምህር (ሰበታ)

በእጅጉ ይያያዛል። እርስዎ የገለጹት በሽታ አይደለም፣ ስለዚህም መድኃኒት አይመልሰውም። ፍሬው በሚያድግበት ጊዜ ካልሲየም ሳይደርሰው ሲቀር ከአበባው በኩል ያለው ጫፍ ይሞታል። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከውኃ ጋር ነው፤ ውኃ ሲያጥር ደግሞ አብዛኛውን የሚስቡት ብዙ የሚያተኑት ቅጠሎች ስለሆኑ ፍሬው ይቀደማል፣ ይጎዳል። አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ሞልቶ እያለ ይህ ሊደርስ ይችላል፤ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ መጨመርም በቶሎ የሚሟሟ ስላልሆነ ለያዘው ፍሬ አይደርስለትም። በትንሽ ዕቃ ውስጥ ያለ ትልቅ ተክል በአንድ ቀን ውስጥ ከጭቃ ወደ አቧራ ይመላለሳል፣ የእህትዎም ፖት ሳያንሰው አልቀረም። ዕቃው ትልቅ ሲሆን ያ መመላለስ ይረጋጋል። የአፈሩን ፊት በጭድ ወይም በደረቅ ሣር አራት ጣት ያህል መሸፈንም ብዙ ይረዳል።

በዚያው ላይ ዩሪያን አብዝቶ መስጠት ነገሩን ያባብሰዋል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ቅጠሉን ያንዠረግገዋል፣ ውኃውን የሚሻማ ቅጠል ይበዛል፣ ፍሬው ወደ ኋላ ይቀራል። ኮምፖስት በየወሩ ከላይ እየጨመሩ መሄድ ለአንድ ተክል ይበቃል። ግንዱንም ከሁለት በላይ አያድርጉት፤ በቅጠሉና በግንዱ ብብት የሚወጡትን ቡቃያዎች በጣትዎ ቆርጠው ያስወግዱ። ሊትሩ ለሁለት ግንድ ተሰልቶ አራት ግንድ ቢያሳድጉ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል።

አትክልተኛዋ (የካ አባዶ)

ቤት ውስጥ ንፋስ ስለሌለ፣ አበባ ሲያወጣ በቀትር ገደማ ሲባጎውን ነካ ነካ ያድርጉት፤ ዱቄቱ ካልረገፈ ፍሬ አይዝም።

ገላን ማዶ

ከምርቱ በኋላ አፈሩን ምን ታደርጉታላችሁ? እኔ በርሜሌን በየዓመቱ መገልበጥ ሰልችቶኛል።

የእንጦጦ ግርጌ

ተክሉ ታሞ ካልሞተ አፈሩ አይጣልም። ሥሩን አራግፈው፣ ሁለት እጅ አሮጌውን አፈር ከአንድ እጅ አዲስ ኮምፖስት ጋር ቀላቅለው ይመልሱት፤ በየዓመቱ አፈሩ ስለሚጠቀጠቅ ሬድ አሹንም ጥቂት ያድሱለት። ነገር ግን በዚያው አፈር ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች አያስከትሉ፤ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ስለሆኑ የአንዱ በሽታ ሌላውን ይይዛል። ባቄላ ወይም ቆስጣ ያብቅሉበትና በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቲማቲም ይመለሱ። የበርሜልዎ ቀዳዳ ተደፍኖ ከሆነም ከግርጌው ሳይሆን ከግርጌው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ በጎኑ በኩል በጋለ ፌሮ ይብሱት፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ዕቃ ከሥሩ የተበሳው ቀዳዳ በጭቃ ይዘጋል።

ገላን ማዶ

የጎኑን ቀዳዳ አላሰብሁትም ነበር። ቅዳሜ ፌሮ አግላለሁ።